ቀዩን አንሺ፣ ጥቁሩን ተዪ፦ ስለ አያትሽ ሽጉጥ ዝገት

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«አባታችን ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ውስጥ የአያታችንን ሽጉጥ አገኘነው። አያታችን አርበኛ ነበሩ። ስድስት ጎራሽ ነው። አፈሙዙ ክብ ሳይሆን ባለ ስምንት ጎን ነው። ቃታው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ዙሪያውን የሚከልለው ቀለበትም የለውም። ከነቆዳ ማህደሩ ስለተቀመጠ አንድ ጎኑ ቀይ ዝገት ለብሷል። አጎቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊና በላምባ እጠቢው ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ኮካ ውስጥ ዘፍዝፊው አለችኝ። የማንን ልስማ? ተጠርጎ ሲያልቅስ ይተኩስ ይሆን?»

እህቴ፣ አባታችሁን ነፍስ ይማር። አጎትሽም ጓደኛሽም የመከሩሽ በቅንነት ነው። ግን እባክሽ የሁለቱንም እንዳታደርጊ። ሁለቱም መንገድ ዝገቱን ያነሳል፤ ችግሩ ከዝገቱ ጋር ሌላ ነገር ይዞ መሄዱ ነው። የሄደው ነገር ደግሞ አይመለስም።

ወደ ዝገቱ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አባታችሁ ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ በራሱ ወደ እናንተ ዞሯል ብላችሁ አትገምቱ። ወረቀቱን ፈልጉና በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቁ። ስትሄጂ ደግሞ ሽጉጡን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ሄደሽ አስረጂ፤ ምን እንደምታደርጊ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ሁለተኛው ጥይት ነው። «ዕድሜ ልኩን ሣጥን ውስጥ የነበረ ነው፣ ባዶ ነው» የሚለው ቃል ስንት ቤት እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ያረጀ ጥይት የሞተ ጥይት አይደለም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሪ። ጣትሽ ቃታው አጠገብ አይድረስ። በቀኝ በኩል ያለውን የጥይት ማስገቢያ በር ከፍተሽ፣ ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ በእጅሽ ቀስ እያልሽ አዙሪና ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ እዪ። በአምፖል ብርሃን ሳይሆን በቀን ብርሃን እዪ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠርተሽ ደግሞ ይይልሽ። ከበሮው በዝገት ተይዞ አልዞር ካለ፣ ወይም የጥይት ቂጥ ከታየሽ፣ ሥራሽ እዚያው ላይ ያበቃል። በዘይት ላላቀው፣ በመዶሻ ላውጣው ማለት የለም። ጥይቱን የሚያወጣው ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ቃታው የሚታጠፍ፣ የቃታ ቀለበት የሌለው፣ አፈሙዙ ባለ ስምንት ጎን የሆነ ስድስት ጎራሽ ካልሽኝ፣ በእጅሽ ያለው የጣሊያን ቦዴዮ ነው ማለት ይቻላል። የጣሊያን ጦር በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቀበለው ሽጉጥ ነው፤ ጥይቱ 10.35 ሚሊሜትር ነው። የመኮንኖቹ ክብ አፈሙዝና የቃታ ቀለበት ነበረው። ያንቺው የተራ ወታደሩ ዓይነት ነው።

ይህን የምነግርሽ ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከዝገቱ ሥራ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። እነዚህ ሽጉጦች ላይ የሠሪው ስም፣ የተሠሩበት ዓመትና ቁጥራቸው ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጣሊያን ውስጥ ብሬሻ የነበረው የግሊዜንቲ ፋብሪካ ብዙ ሠርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስፔንም ለጣሊያን እየሠራች ልካለች። ብዙ ቤተሰብ «ይህ የዓድዋ ምርኮ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1896) ሲሆን ሽጉጡ ጣሊያን እጅ ከገባ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ግን ብረቱ ላይ 1917 የሚል ቢገኝ፣ ያ የእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1909 ወይም 1910 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያ ሽጉጥ ዓድዋን አላየም። የመጣው ከ1928ቱ ወረራ ጋር ነው የሚለው ይበልጥ ያስኬዳል፤ አያትሽም አርበኛ ከነበሩ ታሪኩ ይገጥማል። ይህን ሁሉ የሚነግርሽ ያቺ በዝገት ሥር የተደበቀች ትንሽ ጽሑፍ ናት። ጥልቀቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ደቂቃ ብትፈገፍጊ የለችም። ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ከታሪኩም አልፎ የሕግ ጣጣ አለው። መሣሪያ የሚመዘገበው በቁጥሩ ነው።

አሁን ጓደኛሽና አጎትሽ ያላዩትን ነገር ላስረዳሽ። ብረት ሁለት ዓይነት ዝገት አለው ብለሽ አስቢ። ቀዩ ጠላት ነው። ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እርጥበት ይመጥጣል። ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ሲፈረፈር ከሥሩ ሌላ ብረት ይጋለጣል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጥቁሩ ግን ማግኔታይት የሚባለው ነው። እሱም ብረትና ኦክስጅን ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ብረቱን ይይዛል፣ ዘይትም ያቅፋል። የአሮጌ መሣሪያ ጥቁር-ሰማያዊ መልክ ይኸው ነው። ድሮ ሠሪዎቹ ብረቱን ሆን ብለው ያዝጉት ነበር። ከዚያ በፈላ ውኃ ይቀቅሉታል፤ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ይቦርሹትና እንደገና ያዝጉታል። ይህን ደጋግመው ነው ያ መልክ የሚወጣው። ውፍረቱ በሚሊሜትር ሺኛ የሚለካ ነው።

ኮካ ኮላ ፎስፎሪክ አሲድ አለው። ሎሚና ኮምጣጤም አሲድ ናቸው። አሲድ ቀዩንና ጥቁሩን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይበላል። ስታወጪው ሽጉጡ አመድ የመሰለ ግራጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በዚያ ላይ ፈሳሹ ብሎን ሥርና ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ዝገት ይወጣል። እናቶቻችን መስቀልና የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ያጸዳሉ፤ ለነሐሱ ያምርበታል። ብረት ግን ሌላ ነው። ሱቅ የሚሸጡ የዝገት ማጥፊያ ፈሳሾችንም ለዚህ ሥራ አልመክርም። ለጋሪ ጎማ ብሎን ጥሩ ናቸው።

የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ላዩ ላይ የተለጠፈው ደቃቅ ፍሬ ከብረቱ ራሱ ይጠነክራል። ስለዚህ ዝገቱን፣ ጥቁሩን፣ ጽሑፉንና ብረቱን አንድ ላይ ነው የሚልጠው። የአፈሙዙ ስምንት ጠርዞችም ይዶለዱማሉ።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ሽጉጥ አመጡልኝ። እንደ ያንቺው አንድ ጎኑ ዝጓል። ላስደስታቸው ብዬ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ እንደ መስታወት አበራሁት። እጀታው አጠገብ በምስማር የተጫረ የሚመስል ነገር ነበር። ጭረት መስሎኝ አብሬ አጠፋሁት። ሰውየው ሽጉጡን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ያን ቦታ ብዙ ጊዜ ዳሰሱት። አባታቸው ዘመቻ ሲወጡ የጫሩት መስቀል ነበር። አልተቆጡኝም። ሒሳቡን ከፍለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭረት ከመንካቴ በፊት እጠይቃለሁ። አንቺም ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ሁሉንም ጎን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በቤት ውስጥ ያሉትን አዛውንቶችም ምን እንደሚያስታውሱ ጠይቂ።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው።

የእጀታውን እንጨት አስቀድመሽ ማውለቅ አለብሽ፤ ዘይት ከጠጣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያገኘውን ካቻቢቴ ብሎኑ ላይ ይደቅናል፣ ያንሸራትተውና አናቱን ያበላሸዋል። የካቻቢቴው አፍ የብሎኑን ስንጥቅ በስፋትም በውፍረትም ሞልቶ መያዝ አለበት። ካልገጠመ ርካሽ ካቻቢቴ ገዝተሽ በሞረድ አስተካክዪው። አንድ ጠብታ ዘይት ብሎኑ ሥር ጣል አድርገሽ አሳድሪው። ጠዋት እንቢ ካለሽ ደግመሽ አሳድሪው። አሁንም እንቢ ካለ ተዪው፤ እንጨቱን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ሌላውን ክፍል ሥሪ። ሌላ ብሎን ግን እንዳትነኪ። ውስጡን መፍታት ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ተፈቶ በላስቲክ ከረጢት የመጣልኝ ሽጉጥ ብዙ ነው።

ላምባን በተመለከተ አጎትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። የደረቀ ቅባትና አቧራ ለማስለቀቅ ላምባ ጥሩ ነው። በላምባ የረጠበ ጨርቅ አንዴ ጥረጊበት። ግን ላምባ ሲተን ምንም አይተውም። ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ወዲያው ዘይት መከተል አለበት። ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ደብሊው ዲ 40ም እንደዚሁ ነው። እርጥበት ያባርራል፣ ያላላል፤ ለማቆያ ግን አይሆንም።

ዘይቱ ቀጭን የማዕድን ዘይት ይሁን። እኔ በቀላሉ የሚገኘውን የስፌት መኪና ዘይት እወዳለሁ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ያገለገለ የሞተር ዘይትም አይሆንም፤ ውስጡ አሲድና ውኃ አለበት። ቅቤና ሞራም እንዲሁ። አንዳንድ ቤት ምንሽርና ውጅግራ ሞራ እየተቀባ ኖሯል። ሞራ ሲሻግት ግን ራሱ አሲድ ይሆናል። ብዙ የድሮ ጠመንጃ ላይ የማየው የጣት አሻራ የመሰለ ጉድጓድ አንዱ መነሻው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዛገውን ጎን ዘይት በዘይት አድርጊው። ዘይት በጠጣ ጨርቅ ጠቅልለሽ በላስቲክ ከረጢት ክተቺና ሁለት ሦስት ቀን ተዪው። ይህ ጊዜ ሥራ የሌለበት ይመስላል፤ ግን ከሥራው ግማሹ ይኸው ነው። ዘይቱ ቀዩ ዝገት ሥር ሰርጎ ይገባና ከብረቱ ጋር ያለውን መያዣ ያላላዋል።

ከዚያ የምትፈልጊው ከብረት የለሰለሰ፣ ከጨርቅ የጠነከረ ነገር ነው። እሱም መዳብ ነው። ወፈር ካለ የመብራት ገመድ ላይ ላስቲኩን ግፈፊና መዳቡን አውጪ። ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርገሽ እንደ ትንሽ መሮ አድርጊው። ቀጫጭን ክር ካለው ገመድ ደግሞ አንድ እፍኝ ክር ሰብስበሽ እንደ ብሩሽ እሰሪ። መዳብ ጥቁሩን ልብስ መጫር አይችልም፤ ማግኔታይት ከመዳብ በጣም ይጠነክራል። ቀዩ ዝገት ግን ልል ስለሆነ ይነሳል። ምስጢሩ ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ መዳብ የሚመስሉ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦዎች አሉ። ብዙዎቹ መዳብ የተቀባ ብረት ናቸው። ማግኔት አስጠጊበት። ከያዘው ለድስትሽ አድርጊው፣ ወደ ሽጉጡ አታምጪው።

በመዳቡ ስትፈገፍጊ ሁልጊዜ ዘይት ይኑር። በአንድ ጊዜ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ያዢ። ጥቂት ትፈገፍጊያለሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጊያለሽ፣ አዲስ ዘይት ትጨምሪያለሽ። መጥረጉን አታዘግዪ። የተነሳው የዝገት ዱቄት ራሱ እንደ አሸዋ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ከቆየ ጥቁሩን ይፈገፍገዋል። ጨርቁ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ቀለሙ ይቀንሳል። ጽሑፉ ላይ ስትደርሺ ብሩሹን ተዪና የጥርስ እንጨት ተጠቀሚ። ከጎማ የተሠራ ስስ ጓንት አድርጊ፤ የድሮ ጥይት ትራፊ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሥራው ከምግብ ቦታና ከልጆችም ይራቅ።

በአንድ ቀን አትጨርሺውም፤ ለመጨረስም አትሞክሪ። እኔ እንዲህ ያለ አንድ ጎን የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይፈጅብኛል። በመሃል ደግሞ ዘይት አልብሼ አሳድረዋለሁ።

የት ላይ ላቁም ትይኝ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረሽ ስትጠርጊ ቀይ ካልወጣ አቁሚ። ከሥሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ታያለሽ፤ ዝገቱ የበላው ብረት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ይቆይ። ጉድጓድን ማጥፋት የሚቻለው ዙሪያውን በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ልክ በማውረድ ነው፤ ያ ደግሞ ሽጉጡን መላጥ ነው። የዛገው ጎን ከሌላው ጎን ጋር አይመሳሰልም። አይመሳሰል። አንዱ ጎን ቆዳ ላይ ተኝቶ ዘመን አሳልፏል።

ሙሉ በሙሉ የተፈታ ብረት ቢሆን ሌላም መንገድ ነበር። ክፍሎቹን ከቅባት አጽድቶ በተጣራ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል ነው። የድሮ ሠሪዎቹ ዘዴ ነው፤ ቀዩ እዚያው ብረቱ ላይ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ የላላው በስሱ ይቦረሻል። እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው፤ የሞተ የሚመስል መልክ ሲመለስ ማየት ልብ ይሞላል። ግን ሳይፈታ ከተቀቀለ ውኃው ሞላዎቹና የውስጥ ዕቃዎቹ መካከል ይቀራል። ስለዚህ ለባለሙያ ተዪው።

የአፈሙዙና የከበሮው ውስጥ ዝገት ለብቻው ይታያል። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ፖታስየም ክሎራይድ ነው። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ሰው አፈሙዙን በዘይት ደጋግሞ እየጠረገ «አሁንም ይዝጋል» የሚለው ለዚህ ነው። ጨውን የሚያነሳው ውኃ ነው። ጨርቅ በሙቅ ውኃ አርጥበሽ፣ በደንብ ጨምቀሽ፣ በቀጭን እንጨት እየገፋሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፊ። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቂው። ከዚያ ዘይት። መጨረሻውን ካላደረግሽ መጀመሪያውን አታድርጊ።

«ይተኩስ ይሆን?» ላልሽው፣ አይተኮስ። ከውጭ ያማረ መሣሪያ ውስጡ ምን እንደሆነ አይታይም። ከበሮው ሲዞር እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር በልኩ ካልገጠመ የእርሳሱ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይወጣል፤ የሚያገኘው የተኳሹን እጅና አጠገቡ የቆመውን ሰው ነው። ብረቱ አርጅቷል፣ ሞላው ደክሟል። ቦዴዮ ሲወጣ ጥይቱ ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ነበር። ያንን መዘንጋትና ሌላ ጥይት አስገድዶ መክተት ትልቅ አደጋ ነው። ቃታውን በባዶውም ደጋግመሽ አትሳቢው፤ ጥይቱን የሚመታው ያረጀ የብረት ምላስ ከተሰበረ ምትክ የለውም።

የቀረው ማስቀመጡ ነው። ማህደሩ ውስጥ እንዳትመልሺው። ቆዳ ከፋቂው የቀረ አሲድ አለው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። አንዱ ጎን ብቻ የዛገው ለዚህ ነው፤ የተኛበት ጎን ነው። ማህደሩንም አትጣዪው፣ የአያትሽ ነው። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፈሽ ለብቻው አስቀምጪው። ሽጉጡን ስስ ዘይት ቀብተሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልዪው። ዘይቱ እንዳይንጠባጠብ፤ ስስ ሆኖ ሁሉንም ቦታ ይንካ። በባዶ እጅሽ ከነካሽው ላብሽ ጨው ስለሆነ መልሰሽ ጥረጊው። ሰም ልቀባው የሚሉኝ አሉ። ንጹሕ ሰም ጥሩ ይመስላል፣ ግን እሱም ትንሽ አሲድ አለው። ከውጭ የሚመጣ የሙዚየም ሰም ካገኘሽ እሰየው፤ ካላገኘሽ ዘይቱ ይበቃል።

ተቆልፎ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሪበት። ሣጥኑ ከሲሚንቶ ወለልና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አውጪውና ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረሽ ያንን ጎን ጥረጊ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ መልሰሽ ጠቅልዪው፤ ከዚያ በኋላ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ማየት ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ቀይ ከወጣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ መዳቡን ደግመሽ ያዢ። ጽሑፉ ከዝገቱ ሥር ሲገለጥ ደግሞ ዓመቱን ጻፊልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።